ልጅቷ እንዳለችው

ሙሴን መፍራት የምጀምረው ገና ከኮቴያቸው ነበር። የኮሪደሩ ወለል ጣውላ ስለሆነ የማንም አመጣጥ አይደበቅም። የሌሎቹ አስተማሪዎች ኮቴ ቀጥ ብሎ መጥቶ በራቸው ላይ ያበቃል። የሙሴ ግን ይመጣል፣ ይቆማል፣ ጥቂት ወደ ኋላ ይመለሳል፣ ደግሞ ይመጣል። በር ላይ ቆመው እያዳመጡን ነው ብላ ያሳመነችን አጠገቤ የምትቀመጠው ፍንጭቷ ናት፤ ማን እንዳወራ፣ ማን እንደሳቀ ከውጭ ሆነው ይይዛሉ ትል ነበር። ኮቴው ሲቆም አርባ ልጅ ትንፋሹን ይውጣል።

በዚያ ኮሪደር ላይ አምስት በሮች እንደነበሩና አምስቱም አንድ ዓይነት አረንጓዴ ቀለም እንደተቀቡ ልብ ያልኩት ካደግሁ በኋላ ነው።

በፈረንሳይኛ አቶ ለማለት ሙሴ የምንላቸው ቋንቋውን ስለሚያስተምሩን ነው እንጂ የዚያው የሰፈራችን ሰው ናቸው። ሚስታቸው አዋላጅ ነበሩ፤ እናቴ እኔን ስትገላገል የተቀበሉኝም እሳቸው ናቸው። ሙሴ ረጅም፣ ቀጭን፣ አንገታቸው ትንሽ ወደ ፊት የወጣ ሰው ነበሩ። ግራጫ ኮታቸውን በሙቀትም አያወልቁም። የሚያወልቁት በእረፍት ሰዓት ብቻ ነው፤ ወንበራቸው ላይ ሰቅለውት፣ እጅጌያቸውን ሰብስበው፣ የእጃቸውን ጠመኔ ሊታጠቡ ግቢው ውስጥ ወዳለው ቧንቧ ይወርዳሉ። ሲጮኹ ሰምቼ አላውቅም፤ ልጅም መትተው አያውቁም። እኔን ይህም ያስፈራኝ ነበር። የሒሳብ አስተማሪያችንን ኩርኩም የሚቀምስ ልጅ ቢያንስ የሚመጣበትን ያውቃል።

ከሙሴ ጋር ያጣላኝ አንድ ግስ ነው። ተጣላን የምለው እኔ ነኝ እንጂ እሳቸው መጣላታችንን የሚያውቁት ነገር አልነበረም።

እናቴ ልብስ ሰፊ ናት። አባቴ የጭነት መኪና ሹፌር ስለነበር ሳምንቱን ሙሉ መንገድ ላይ ነው፤ ቤቱ የእኔና የእሷ ነበር ማለት ይቻላል። ሁለት ክፍል አለን፣ የፊተኛው የስፌት ክፍል ነው፣ ከጓዳው የሚለየውም መጋረጃ ብቻ ነው። ከመቁረጫው ጠረጴዛ ሥር ቁርጥራጭ ጨርቅ የሚጠራቀምበት ጆንያ አለ፤ እሱ ላይ ተደግፌ አጠናለሁ። በእግር የምትረገጠው የስፌት መኪና የራሷ ምት አላት፣ ትምህርቴን ሁሉ በዚያ ምት ነበር ጭንቅላቴ ውስጥ የማስገባው። "መሄድ" የሚለውን የፈረንሳይኛ ግስም እንደዚያ ነው የያዝኩት። ይህ ግስ አመለኛ ነው። የሌሎቹ ግሶች ልጆች ሁሉ እናታቸውን ይመስላሉ፤ የዚህ ግን ከስድስቱ ልጆቹ አራቱ የጎረቤት ልጅ ነው የሚመስሉት። ዠ ቬ፣ ቱ ቫ፣ ኢል ቫ፤ ኑ ዛሎን፣ ቩ ዛሌ፣ ኢል ቮን፤ እሄዳለሁ፣ ትሄዳለህ፣ ይሄዳል እያለ የሚወርድ ነው። አንዱን መርፌው ሲወርድ፣ አንዱን ሲወጣ። እናቴ ከፈረንሳይኛ አንድ ቃል ሳታውቅ፣ እግሯን ሳታቆም፣ "አራተኛው ላይ ተንቀራፈፍሽ" ትለኝ ነበር።

ሁለተኛው መንፈቅ በተጀመረ በመጀመሪያው ሳምንት ሙሴ ይህንኑ ግስ በአሁን ጊዜ ሊያረቡልን ሰሌዳ ላይ መጻፍ ጀመሩ። ሦስቱን ጻፉ። አራተኛው ላይ ጠመኔው ቆመ። እኛ የምናየው ጀርባቸውንና እንደተዘረጋ የቀረውን ክንዳቸውን ነው። ቆይተው ቆይተው አንድ ነገር ጻፉ፤ ስህተት ነበር። እኔ አስቤበት አይደለም፣ ምቱ ስለተሰበረብኝ ብቻ፣ "ኑ ዛሎን" አልኩ። በዚያ ጸጥታ ውስጥ ድምፄ ክፍሉን ሞላው።

ሙሴ ዞሩ። "ማን ነው ያለው?" አሉ።

ፍንጭቷ በክርኗ ጎሸመችኝና ተነሣሁ። ሙሴ መጀመሪያ እኔን አዩ፣ ከዚያ የተቀመጥኩበትን ዴስክ፣ ከዚያ ፀጉሬ ላይ የታሰረውን ቀይ ሪባን። እጃቸውን ወደ ኮታቸው የውስጥ ኪስ ሰደው ማናችንም አይተናት የማናውቃትን ጥቁር ደብተር አወጡ። መዳፍ የምታክል የኪስ ደብተር ናት። እዚያው ቆመው ረጅም ጊዜ ጻፉ። ሲጨርሱ ሰሌዳው ላይ ያለውን ስህተት በእጅጌያቸው አጠፉና "ተቀመጪ" አሉኝ።

"አለቀልሽ" አለችኝ ፍንጭቷ ከንፈሯን ሳታንቀሳቅስ። ስሙ እዚያ ደብተር ላይ የሰፈረ ልጅ ዓመቱን አይጨርስም አለች። ደብተሯ ከኪስ ከወጣች ገና ሁለት ደቂቃዋ ነው፤ ፍንጭቷ ግን የደብተሯን ታሪክ ከነመጨረሻው ታውቀው ነበር። እኔም አመንኳት። ሰው በፈራ ጊዜ ማንንም ያምናል።

ከዚያ ቀን ወዲህ ሙሴ ከእኔ ሌላ ልጅ አልታይ አላቸው። ክፍለ ጊዜው ሲጀመር ወደ ፊተኛው ዴስክ ያዩና "አንቺ ልጅ፣ ነይ ጻፊልን" ይላሉ። ስሜን አይጠሩም፤ ስሜን ለመጥራት እንኳ የተጠየፉኝ መሰለኝ። በዚያ መንፈቅ የማንንም ልጅ ስም ጠርተው እንደማያውቁ ትዝ የሚለኝ አሁን ነው።

እወጣለሁ። ግሱን ይነግሩኛል፤ አንድ ቀን "መሆን"፣ አንድ ቀን "መምጣት"፣ በሳምንት ሁለት ሦስት ጊዜ ግን ያው "መሄድ" ነው። እኔ ስድስቱን መስመር ስጽፍ እሳቸው ከኋላዬ ይቆማሉ። አፋቸው ውስጥ ሁልጊዜ የሚያላምጡት የሚንት ከረሜላ አለ፣ ሽታው ከአንገቴ ሥር ይደርሰኛል። ከጀርባዬ እርሳስ ወረቀት ላይ ሲፋጭ እሰማለሁ። ፈጠን ካልኩ "ቀስ ብለሽ" ይሉኛል፤ እስኪደርሱብኝ እጠብቃለሁ። ጽፌ ስጨርስ ትክክል ነው አይሉኝም፣ ስህተት ነው አይሉኝም። ራሳቸውን ብቻ ይነቀንቃሉ። ከዚያ ክፍሉ በሙሉ በዜማ ይለዋል፣ እሳቸውም አብረው ይላሉ፣ ደወሉ እስኪደወል።

ስህተቴን እየጠበቁ ነው ብዬ አመንኩ። በሰው ፊት ስላረምኳቸው አንድ ቀን እኔም በሰው ፊት እንድሳሳት ይፈልጋሉ፣ ያን ቀን ደብተሯ ላይ ጽፈው ያባርሩኛል። ስለዚህ ላለመሳሳት ሌት ተቀን አጠናሁ። እህል አልወርድ አለኝ። እናቴ ቀሚሴን በጎን በኩል ሁለት ጊዜ ስታጠብበው "ይቺ ልጅ የት ነው የምትሄደው?" እያለች ትቀልድ ነበር። ልነግራት አፌ ላይ ይመጣና ይመለሳል፤ አስተማሪዬን በሰው ፊት አዋረድኩ ብላት እሷ ራሷ ከእሳቸው ጋር የምትወግን መሰለኝ።

አንድ ማክሰኞ ከሰዓት አዋላጇ ቤታችን መጡ። የሚያጥር ቀሚስ በፌስታል ይዘዋል። እናቴ "እትዬ፣ ይግቡ" ብላ ወንበር አቀረበችላቸውና እኔን ወደ ጓዳ ሰደደችኝ። መጋረጃው ሥር ተቀመጥኩ። አዋላጇ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ጀመሩ፤ "ባለቤቴ" የሚለውን ስሰማ ጆሮዬ ቆመ። ወዲያው እናቴ መኪናዋን መርገጥ ጀመረች።

ከዚያ በኋላ የሰማሁት መኪናዋ ስታርፍ ስታርፍ ነው። እግሯ ቆም ሲል የአዋላጇ ድምፅ፣ "…ያለችውን በሙሉ ደብተሩ ላይ ይጽፋል…"። መኪናዋ ትሄዳለች። ቆም፤ "…ሐሙስ ተቆጣጣሪው ሲመጣ…"። ትሄዳለች፣ በጣም ረጅም። ቆም፤ "…ልጅቷ ምንም አታውቅም፣ አደራ እንዳትነግሪያት…"። እናቴ የሆነ ነገር መለሰች፣ አልሰማሁትም። በመጨረሻ አዋላጇ ተነሥተው በር ላይ ሲደርሱ፣ "እንግዲህ ከትምህርት ቤቱ መውጣት ነው፤ ሌላ ምን አለ" አሉ።

አራት ቁራጭ ነገር ነው። የልብስ ሰፊ ልጅ ነኝና ቁራጭ መግጠም አውቃለሁ፤ ወዲያው ገጣጠምኩት። ሐሙስ ከትምህርት ቢሮ ተቆጣጣሪው ይመጣል፣ ሙሴ ደብተሯን ይሰጡታል፣ እኔ እባረራለሁ። እናቴም ታውቃለች። ከመጋረጃው ስወጣ ዓይኗ ቀልቶ ነበር። ይህን ሁሉ ጊዜ ስትሰፋ ቆይታ የአዋላጇ ቀሚስ እንደመጣ ፌስታሉ ውስጥ መሆኑን አይቻለሁ፤ ግን ያን ጊዜ ቀሚስ የማስብበት ልብ አልነበረኝም።

ያን ምሽት እናቴ ሪባኔን አጥባ በካውያ ተኮሰችው። እንደዚያ አድርጋ አታውቅም። እየተኮሰች፣ ፊቴን ሳታይ፣ ሐሙስ ሙሴ ሲጠይቁሽ ድምፅሽን ከፍ አድርገሽ መልሺላቸው፣ ደህና አድርገሽ፣ እሺ አለችኝ። እሺ አልኳት። መንገድ እንደሚሄድ ሰው እያሰናዳችኝ መሰለኝ። ከመጋረጃው ወዲያ የካውያውን ጭስጭስታ እየሰማሁ ትራሴን ነክሼ አለቀስኩ።

ረቡዕ በእረፍት ሰዓት ክፍሉ ባዶ ሲሆን ተመልሼ ገባሁ። ኮቱ ወንበሩ ላይ ተሰቅሏል። በመስኮቱ ሙሴ ቧንቧው ጋ ጎንበስ ብለው ሲታጠቡ ይታያሉ። ሌብነት አላውቅም ነበር፤ እጄ ኪሱ ውስጥ ሲገባ የሌላ ሰው እጅ መሰለኝ። የኪሱ ገበር ይሞቃል፣ ሚንት ሚንት ይሸታል። ደብተሯን ቀሚሴ ውስጥ ከትቼ ወደ ሴቶች ሽንት ቤት ሮጥኩ። በሩን ቆልፌ፣ ስሜ የት እንዳለ ለማየት ገለጥኳት።

ስሜ የለም። ያለው የእኔው ግሶች ናቸው። ሰሌዳ ላይ የጻፍኳቸው በሙሉ፣ በዚያው ቅደም ተከተል፣ በየቀኑ። "መሄድ" ብቻ አሥራ አንድ ጊዜ ተጽፏል። ከእያንዳንዱ በላይ በአማርኛ አንድ መስመር አለ፤ "ልጅቷ እንዳለችው" ይላል። ሌላ ገጽ ላይ "ሁለተኛው በር። ከመግባት በፊት መቁጠር" የሚል አለ። የመጨረሻው ገጽ ላይ ደግሞ፣ በትልልቁ፣ "ልጅቷ፦ የፊተኛው ዴስክ፣ በግራ። ቀይ ሪባን።"

ዛሬ ያቺን ገጽ በዓይነ ኅሊናዬ ሳያት የምታስፈራ ነገር አይታይባትም፤ ዓይኔ እንባ ነው የሚሞላው። ያን ቀን ግን ደሜ ቀዘቀዘ። ያልኩትን ሁሉ ቃል በቃል ይዘውብኛል፣ የተቀመጥኩበትን ጽፈዋል፣ ተቆጣጣሪው እንዳይሳሳት ምልክቴን ሳይቀር ሰጥተዋል። ሪባኑን ከፀጉሬ መንጭቄ አወጣሁት።

ከትምህርት ቤት ስንወጣ ከበሩ ላይ ዞር ብዬ አየሁ። ሙሴ ከቧንቧው ወደ ክፍሉ፣ ከክፍሉ ወደ ቧንቧው ይመላለሳሉ፤ ጎንበስ ብለው መሬት መሬቱን ያያሉ። በየጥቂት እርምጃው ቆመው ደረታቸውን ይዳብሳሉ። ዱካዬን የሚፈልጉ መሰለኝ፤ እስከ ቤት ሮጥኩ። ደብተሯን ጆንያው ውስጥ፣ ከቁርጥራጩ ሁሉ ሥር፣ ክንዴ እስከ ትከሻዬ ገብቶ ቀበርኳት።

ሐሙስ ጠዋት እናቴ በተተኮሰው ሪባን ፀጉሬን አስራ ሸኘችኝ። ትምህርት ቤቱ በር ላይ ፈትቼ ኪሴ ውስጥ ከተትኩት። ኋላ ዴስክ ላይ ብቻውን የሚቀመጥ አንድ ወፍራም ልጅ ነበር፤ አዲስ እርሳሴን ሰጥቼ ቦታ ተለዋወጥን። እሱ ከፍንጭቷ አጠገብ ተቀመጠ። ፍንጭቷ ዞራ አየችኝና ነገሩ ሁሉ ገባኝ በሚል ዓይን ራሷን ነቀነቀች። ከዚያ በላይ መደበቅ የምችል አልመሰለኝም።

ተቆጣጣሪው ገባ። ወፍራም፣ ሲተነፍስ ፉጨት የሚያሰማ፣ ፊቱ የማያስቀይም ሰው ነው። ክፍሉን አየት አየት አደረገና፣ ባዶ ቦታ የነበረው እኔ ጋ ብቻ ስለሆነ፣ መጥቶ አጠገቤ ዘፍ አለ። ዴስኩ ተንገጫገጨ። ክርኑ ክርኔን ይነካኛል። ከሸሸሁት ሰው ጋር በገዛ እርሳሴ አንድ ወንበር ላይ ተቀመጥኩ።

ሙሴ ቆሙ። እጃቸው እንደልማዱ ወደ ውስጥ ኪሳቸው ሄደ፤ ባዶውን ተመለሰ። ረስተውት ይመስል እንደገና ሄደ። ከዚያ ወደ ፊተኛው ዴስክ፣ ወደ ግራ አዩ። እዚያ ወፍራሙ ልጅ አለ። ረጅም ጊዜ አዩት። ከዚያ ዓይናቸው በየመስመሩ መምጣት ጀመረ፤ አንድ በአንድ፣ ራስ ራሳችንን እያዩ። እኔ ላይ ደረሰ። አየኝ፣ አለፈኝ።

"ልጅቷ…" አሉ ሙሴ። "ልጅቷ የለችም?"

የትኛዋ ልጅ እንደሆነች ያላወቀ አልነበረም። ግን በአስተማሪ ፊት ጓደኛውን አሳልፎ የሚሰጥ ልጅ በእኛ ክፍል የለም፤ አርባ ልጅ ዝም አለ። ያን ዝምታ ለብዙ ዓመታት የልጅነቴ ትልቁ ውለታ አድርጌ ይዤው ኖሬያለሁ።

ተቆጣጣሪው ወደ እኔ ዘንበል ብሎ "ማንን ነው የሚፈልጉት?" አለኝ በሹክሹክታ።

"አላውቅም" አልኩት።

ሙሴ ጠመኔ አንሥተው ወደ ሰሌዳው ዞሩ። ዠ ቬ ብለው ጻፉ። ቱ ቫ። ኢል ቫ። ጠመኔው ቆመ። ክንዳቸው እንደተዘረጋ ቀረ። ጭንቅላቴ ውስጥ መኪናዋ ትሄዳለች፣ መርፌው ይወርዳል፣ አራተኛው ቃል ምላሴ ላይ ተቀምጧል። ምላሴን ነከስኩት፣ ደም ደም አለኝ። ምን ያህል እንደቆየን አላውቅም። ሙሴ ጠመኔውን እንደሚሰበር ዕቃ ቀስ አድርገው ቦታው ላይ አስቀመጡና "ለዛሬ እናንብብ፣ መጽሐፋችሁን አውጡ" አሉ። ድምፃቸው የተለመደው ነው፤ ፊታቸው ግን የተለመደው አልነበረም። የፈራ ሰው ፊት ነበር። እኔ ያን ፊት የማውቀው ከራሴ ላይ ብቻ ስለነበር አላመንኩትም።

ሰኞ ዕለት ኮሪደሩ ላይ የመጣው ኮቴ ቀጥ ብሎ መጥቶ በራችን ላይ አበቃ። ባለ ተረከዝ ጫማ ያደረገች ወጣት አስተማሪ ገባች፣ ስሞቻችንን በዝርዝር ጠራች። የእኔን ስትጠራ ስሜ ራሱ ናፍቆኝ እንደነበረ ታወቀኝ። ከክፍል ስንወጣ ፍንጭቷ እጄን ይዛ ዘለለች፣ እኔም ዘለልኩ። የገባኝ እንዲህ ነው፤ ሙሴ ማስረጃቸው ስለጠፋ በእኔ ፈንታ እሳቸው ተባረሩ። እህል መብላት ጀመርኩ። ጆንያው ሲሞላ ፍራሽ ሰሪው እንደወትሮው መጥቶ ወሰደው፤ ደብተሯም ከአንዱ ሰው ፍራሽ ውስጥ ተሰፍታ ቀረች። ከዚያ በኋላ ሙሴን መንገድ ላይ ሁለት ሦስት ጊዜ አይቻቸዋለሁ፣ አዋላጇ ክንዳቸውን ይዘዋቸው። ባየኋቸው ቁጥር መንገድ ቀይሬ እሮጥ ነበር። እኔ ሁለተኛ ደረጃ ሳልጨርስ አረፉ፤ እውነቱን ለመናገር ያን ቀን ቀለል አለኝ።

ይህን ታሪክ እንዲህ አድርጌ ሠላሳ ዓመት ይዤው ኖርኩ። ለባሌ እየሳቅሁ ነግሬዋለሁ።

ባለፈው ወር ልጄን ይዤ እናቴ ዘንድ ሄድኩ። ልጄ አሥር ዓመቷ ነው። እሷ ጓዳ ገብታ የቤት ሥራዋን ትሠራለች፤ እናቴ እዚያችው መኪና ላይ ተቀምጣ የመጋረጃ ጠርዝ ትሰፋለች፤ እኔ ክር እሰካላታለሁ። ከመጋረጃው ወዲያ ልጄ ጀመረች። ዠ ቬ፣ ቱ ቫ፣ ኢል ቫ። እናቴ እግሯን አቆመች።

"ሙሴን አስታወሰችኝ" አለች። "አዋላጇንም። ምስኪን፣ ያን ጊዜ ስንቱን አለቀሱብኝ። እኔ ደግሞ ያንቺን ጆሮ ስለማውቀው ባዶዋን መኪና እረግጥ ነበር፣ እንዳትሰሚ።"

ባዶዋን? አልኳት። ባዶዋን፣ ጨርቅ ሳልከትባት አለችኝ እየሳቀች። የምትነግረኝ የቆየ የሰፈር ወሬ ነው፤ እጇ ጠርዙን እያጠፈ ነው የምታወራው። ሙሴ ከዚያ ዓመት በፊት ጀምሮ መርሳት ጀምረው ነበር። ስም ይጠፋቸዋል፣ በር ይጠፋቸዋል። መደበኛዎቹን ግሶች ይወጧቸዋል፤ አስቸጋሪዎቹ ግሶች ግን እንደ ውኃ ከእጃቸው ይፈሳሉ። ጡረታቸው ሊደርስ አንድ ዓመት ተኩል ቀርቷቸው ነበር። አንዲት ልጅ አገኘሁ፣ አትሳሳትም፣ እሷን አስጽፌ እገለብጣለሁ፣ ማታ አጠናዋለሁ፣ ጠዋት አስተምረዋለሁ ብለው ለሚስታቸው ነገሯቸው። አዋላጇ ልጅቷ የማን እንደሆነች ያወቁት በሪባኑ ነው፤ ለእናቴ ሊነግሯት የመጡትም ሐሙስ ልጅሽ እንዳትቀርበት፣ እሷ ከሌለችለት ከትምህርት ቤቱ መውጣቱ ነው ብለው ነው።

"እና ተቆጣጣሪው አባረራቸው" አልኩ።

"ኧረ እሱማ ምንም አላየ። ጸጥታ ያለው ክፍል ነው ብሎ ጽፎ ሄደ። እሳቸው ናቸው በቃኝ ያሉት።" እናቴ ክሩን በጥርሷ በጠሰች። "ደብተራቸው ጠፋቻቸው። ሁሉን ብረሳ ደብተሬን ረስቼ አላውቅም፣ እሷንም የት እንዳኖርኳት ካላወቅሁ አብቅቶልኛል አሉ። ከወጡም በኋላ ሁለት ሳምንት ቤቱን ገለባብጠው ፈለጓት። ሰውየውን የሰበራቸው እሱ ነው። ኋላማ ለሚስታቸው ምን ቢሏቸው ጥሩ ነው፤ 'ዴስኩን አየሁ፣ ሪባኑም የለም፣ እሷም የለችም። ልጅቷ ግን በእርግጥ ነበረች? ወይስ ራሴ ነኝ የፈጠርኳት?' አሏቸው። አዋላጇ ይህን ሲነግሩኝ ልውሰድሽና ይዩሽ ብዬ ነበር። አንቺ ግን ሙሴ የሚባል ስም በተነሣ ቁጥር ትኩሳት ይይዝሽ ነበር፤ ተውኩት።"

መርፌው እጄ ላይ ነበረ፣ ክሩን ማስገባት አልቻልኩም። ያ የተዘረጋ ክንድ፣ በየራሳችን ላይ ያለፈው ዓይን፣ ቧንቧው ጋ መሬት መሬቱን ሲያዩ የነበሩት። ራሳቸውን የሚነቀንቁት እንደ ተማሪ ነበር። እኔ የሰረቅኋቸው መዳፍ የምታክል ደብተር ብቻ መስሎኝ ነበር። ፈራሁ፤ በአሥር ዓመቴ እንደፈራሁት።

"እማ" አልኩ። "ደብተሯን የወሰድኳት እኔ ነኝ።"

ከመጋረጃው ወዲያ የልጄ ድምፅ አራተኛው ላይ ተቋረጠ። ጆሮዋን እንዳቆመች ታወቀኝ፤ በእኔ ወጥታለች። እናቴ እኔን አየችኝ፣ ወደ መጋረጃው አየች። የምትሰፋውን ጨርቅ ከመርፌው ሥር ስባ አወጣችና ጉልበቷ ላይ አኖረችው፤ እግሯ መርገጫው ላይ ወጣ። ባዶዋ መኪና መሄድ ጀመረች። መርፌው ባዶውን ይወርዳል፣ ባዶውን ይወጣል። እናቴ በዓይኗ "አሁን ንገሪኝ" አለችኝ።

እጄን የመኪናዋ መዘውር ላይ ጫንኩት። ብረቱ መዳፌን ፈተገውና ቆመ። ቤቱ ጸጥ አለ።

"ተይው፣ ትስማ" አልኳት። "ሙሉውን ትስማ።"

ልጄን በስሟ ጠራኋት። መጋረጃውን ገልጣ እስክትመጣና አጠገቤ እስክትቀመጥ ጠበቅሁ፣ ከዚያ ከሙሴ ኮቴ ጀመርኩ።